በጧፍ ብርሃን አሳልፎ የሚታይ ሰው ፎቶ ማንሳት

የጦሳ ልጅ፦
ወገን፣ የሜክሲኮን የሙታን ቀን (ኖቬምበር 1 እና 2፣ በእኛ ጥቅምት 22 ግድም) መነሻ አድርጌ ደሴ ቤት ውስጥ የመታሰቢያ ጠረጴዛ አሰናድቻለሁ፤ ጧፍ፣ ቢጫ አበባ፣ የሟች ፎቶ። ፎቶው ላይ ፊት ለፊት የቆመው ሰው እንደ መንፈስ ሆኖ ከኋላው ያለው በሰውነቱ አልፎ እንዲታይ ነው የምፈልገው፣ እሱ ግን ጠቆር ከማለት በቀር አያሳልፍም። ካሜራው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ነው፤ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ 10 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ ለብርሃን ያለው ስሜት አይኤስኦ 100። ጀርባው ጥቁር መጋረጃ ነው።

ቦርከና፦
ጥፋቱ የመጋረጃው ነው። ጥቁር ነገር ብርሃን ስለማይመልስ ሰውዬው ከወጣ በኋላ ላዩ ላይ የሚደረብ ምስል የለም። ጠረጴዛውን ከነጧፉ ከኋላው አድርገው። ከ10 ሰከንዱ 4ቱን ሳይነቃነቅ ይቁም፣ ከዚያ በጎን ፈጠን ብሎ ይውጣ። ነጭ ጋቢ ከለበሰ 4ም ይበዛል፤ 2 ይበቃዋል፣ አለዚያ ጋቢው ሁሉን ይሸፍናል። በእጁ ጧፍ ካለ ከመንቀሳቀሱ በፊት ያጥፋው፣ ነበልባሉ መስመር ይሰራል። ከኋላ ያሉት ነበልባሎችም ከፊቱ ትይዩ አይሁኑ፤ ዓይኑንና አፍንጫውን ይበሉታል። ከደረቱ በታች ደርድራቸው።

ሐይቅ ዳር፦
ቦርከና ልክ ነው። ሌላው ቀለሙ ነው፦ ኋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) ከአውቶ አውጣና 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አድርገው። 5500 ላይ ቢጫውና ብርቱካናማው አበባ አንድ ይሆኑብሃል። የሜክሲኮዎቹ አበባ ብርቱካናማ ነው፣ አደይ ግን ጥርት ያለ ቢጫ። ጧፍ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ይጎብጣልም፤ ለኋላው ወፍራም ሻማ ይሻላል። በር ዝጋ፣ ነፋስ ካለ ነበልባሉ ይደበዝዛል። ቁልፉን ስትጫን ካሜራው እንዳይነቃነቅ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀም።