የእግር መዳፍ ግማሹ ከተቆረጠ በኋላ አረማመድን ምን ያስተካክለዋል?

ጥያቄ፦
አባቴ በስኳር ሕመም ምክንያት የቀኝ እግራቸው ጣቶች እስከ መዳፉ አጋማሽ ተቆርጠዋል። ቁስሉ ድኗል፣ ቆመው ሲታዩ ምንም አይሉም። ሲራመዱ ግን ያነክሳሉ፣ ቶሎ ይደክማሉ፣ የጫማቸው አፍንጫም ይታጠፋል። ስፖንጅ ብንጠቀጥቅበትም ለውጥ የለም። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
ስፖንጁ ባዶ ቦታ ይሞላል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ስንራመድ ክብደታችን ከተረከዝ ተነስቶ ጣቶች ሥር ይደርሳል፤ ባት ወደፊት የሚገፋን እዚያ ላይ ተደግፎ ነው። መደገፊያው ከሌለ ባቱ ጠንካራ ቢሆንም የሚገፋበት የለውም። ስለዚህ አባትህ ክብደታቸው የተቆረጠው ጫፍ ላይ ሳይደርስ ግራ እግራቸውን ፈጥነው ያሳርፋሉ፤ የግራው እርምጃ የሚያጥረው ለዚህ ነው። የጎደለውን ጉልበት ዳሌ ስለሚሸፍን ይደክማሉ።

መልስ 2፦
ጫማው ውስጥ ከተረከዝ እስከ አፍንጫ የሚደርስ ጠንካራ የካርቦን ፋይበር ዝርግ ይግባ። በላዩ ላይ በእግራቸው ልክ የተሠራ ለስላሳ ሶል ከነመሙያው ይቀመጣል፤ መሙያው ጫፉን መጫን የለበትም። የውጭው ሶል ደግሞ ወደፊት የሚያንከባልል ቅስት ይኑረው። ቅስቱ ከተቆረጠው ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ካልጀመረ ጫናው ጫፉ ላይ ያርፍና ያቆስለዋል። ዝርጉ ያለ ቅስት ከገባም ጉልበትን ወደ ኋላ ይገፋል።
እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ፣ ቅልጥምን ከፊት የሚደግፍ መሣሪያም አለ። ክብደት ወደ ጫማው አፍንጫ እንዲሄድ ይረዳል፤ ቁርጭምጭሚትን ስለሚያስር ግን የባትን ግፊት አይመልስም።

መልስ 3፦
ከጫማው በፊት ቁርጭምጭሚቱን እዩ! ጉልበት ተዘርግቶ እግሩ ወደ ላይ ሲታጠፍ ከቅልጥሙ ጋር 90 ዲግሪ ካልሠራ የተረከዝ ጅማት አጥሯል ማለት ነው፤ ያኔ ጫፉ መሬት ይመታል፣ የትኛውም ጫማ አያድነውም። ጅማቱን ለማሳሳብ ጉልበት ሳይታጠፍ 30 ሰከንድ፣ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይሠራ። የሚረዳቸው ሰው ተረከዛቸውን በእጁ ጨብጦ ይሳብ፤ ጫፉን በፎጣ አንቆ መጎተት ቆዳውን ይልጣል። ካልተፈታ ቀዶ ሐኪም ጅማቱን ማስረዘም ይችላል።

ጠያቂው፦
እናመሰግናለን። አዲሱን ጫማ ቀኑን ሙሉ ያድርጉት?

መልስ 2፦
አይሆንም። መጀመሪያ 1 ሰዓት ቤት ውስጥ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨመር። ሲያወልቁ ጫፉንና ውስጥ እግሩን በመስታወት እዩ፤ የስኳር ሕመም ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ላያማቸው ይችላል። መቅላቱ በ20 ደቂቃ ካልጠፋ ጫማው ይታረም። ግራ እግራቸውንም እዩ፣ የሚበዛው ጫና እሱ ላይ ነው። ውሃ የቋጠረ፣ የሚያፈስ ወይም የሚያተኩስ ቦታ ካለ መራመዱን አቁመው የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይያቸው።