ድራጎኔ ከሱፐርዎርም ሌላ አልበላም አለ፤ ቅጠል እንዴት ላስለምደው?

ሊሊ_እንሽላሊት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ18 ወር ወንድ ቢርድድ ድራጎን (የቤት እንሽላሊት) አለኝ፤ ክብደቱ 430 ግራም ነው። ከሱፐርዎርም (ትልቅ የጥንዚዛ እጭ) በቀር ደስ የሚለው ነገር የለም። ክሪኬት ሲሮጥ ካየ ያባርራል፤ ዱቢያ በረሮ ግን አፍንጫው ሥር ቢያልፍም ዝም ነው። ቅጠልማ ጭራሽ! ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ የተከተፈ ካሮት አቅርቤለታለሁ፤ አንዴ በምላሱ ነካ ያደርግና ሳህኑ ላይ ወጥቶ ይተኛበታል። በቀን ከ10 እስከ 12 ሱፐርዎርም ይበላል፤ የምሰጠው ማታ ከሥራ ስመለስ ነው። ታንኩ 120 በ60 በ60 ሳንቲሜትር ነው፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ያሳያል፤ ዩቪቢው (እንደ ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጠው መብራት) ጥምዝምዝ አምፖል ነው። በዚህ ዕድሜው ምን ያህሉ ምግቡ ቅጠል መሆን አለበት? እንዴትስ ላስጀምረው?

መብራትና_ሙቀት፦

እህቴ፣ ወደ ሳህኑ ከመሄዳችን በፊት መብራቱን እንይ። ከጻፍሽው ውስጥ ሦስት ነገር አልጣመኝም።

አንደኛ፣ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ቴርሞሜትር የሚነግርሽ የመስታወቱን ሙቀት ነው፤ እሱ ሆዱን የሚያሳርፍበትን ድንጋይ አይደለም። በኢንፍራሬድ የሚለካውን፣ እንደ ሽጉጥ የሚያዘውን ቴርሞሜትር ያዢና መሞቂያ ቦታው ላይ በቀጥታ አነጣጥሪ። አምፖሉ ከበራ ከአንድ ሰዓት በኋላ የድንጋዩ ፊት ከ38 እስከ 42 ዲግሪ መሆን አለበት። ቀዝቃዛው ጎን ከ24 እስከ 27 ይበቃዋል፤ ሌሊት እስከ 18 ቢወርድም ችግር የለውም። ድራጎን የበላውን የሚፈጨው ከውጭ ባገኘው ሙቀት ነው፤ ቅጠል ደግሞ ቃጫ ስላለው ከትል የበለጠ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። ሙቀት ያነሰው እንሽላሊት ቅጠሉን ትቶ ትሉን ብቻ እየለቀመ ይከርማል፣ ከዚያ «መራጭ ነው» የሚል ስም ይወጣለታል።

ሁለተኛ፣ ጥምዝምዙ አምፖል ዩቪቢ የሚሰጠው ከሥሩ ላለች ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ዩቪቢው ከ10 እስከ 12 በመቶ የሚባለውን ረጅሙን ቲ5 (ቀጭን የፍሎረሰንት) ቱቦ አድርጊለት፤ ርዝመቱ ቢያንስ የታንኩን ግማሽ ይሸፍን፣ ከማሞቂያ አምፖሉ ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ከድራጎኑ ጀርባ እስከ ቱቦው ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ይኑር። መሀል ላይ የሽቦ ወንፊት ካለ ከጨረሩ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ይበላዋል፣ ስለዚህ ወደ 30ው አስጠጊው። መስታወት ወይም ፕላስቲክ ካለማ ዩቪቢ አያልፍም ማለት ይቀላል። በየ12 ወሩ ቀይሪው፤ ለዓይን ደህና እየበራ ዩቪቢው ቀድሞ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ ማታ ማብላቱ። በልቶ ወዲያው መብራት ከጠፋ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ቀዝቅዞ ያድራል፤ ጠዋት ደግሞ ስላልራበው ቅጠሉን ዞር ብሎ አያየውም። የመጨረሻው ትል መብራት ከመጥፋቱ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ይሁን። ሥራ የምታመሺ ከሆነ መብራቱን በታይመር አድርጊውና የእሱን ቀን ወደ አንቺ ሰዓት ግፊው፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት። ለእሱ ቀን ማለት መብራቱ ነው።

ይህን ሁሉ አስተካክለሽ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ምግብ ላይ አትፍረጂ።

ቅጠል_በጠዋት፦

መብራቱ ላይ የተባለውን ሁሉ እፈርምበታለሁ። አሁን ወደ ሳህኑ።

እስከ አንድ ዓመት ድረስ የሚበዛው ነፍሳት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይገለበጣል። የ18 ወር ድራጎን ከምግቡ ሦስት አራተኛው ወይም ትንሽ ከፍ ያለው ቅጠላ ቅጠል ሆኖ፣ ነፍሳት በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃዋል። በየቀኑ 12 ሱፐርዎርም ስብ ነው፤ ትርፉ ጉበት ላይ ይከማቻል። 430 ግራም በራሱ ብዙ አይናገርም፤ ከራስ ቅሉ በላይ ያሉትን ሁለት ጉብታዎች እዪ። ጠፍጣፋ ወይም በመጠኑ ሞላ ያሉ ከሆኑ ደህና ነው፣ ወደ ላይ አብጠው ከወጡ ወፍሯል፣ ከጎደጎዱ ከስቷል።

ካቀረብሽለት ውስጥ ጎመኑን ያዢ። ቆስጣውን አውጪ፤ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን ይዞበት ይወጣል። ስፒናችና የቀይ ሥር ቅጠልም እንደዚያው ናቸው። አንድ ቀን ቢቀምሳቸው አይሞትም፣ የዘወትር ምግብ ግን አይደረጉም። ሰላጣው ውሃ ነው፣ ሆድ ከመሙላት አያልፍም። የጎመን ዘር ብቻውን ለወራት ከተሰጠ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ስለሚያውክ ከሌላ ቅጠል ጋር አደባልቂው፦ ኤንዳይቭ፣ ዳንዴሊዮን። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት በአንድ ጊዜ ይበቃል፤ ሳምንት በሳምንት አንዱን ለውጪ።

ድራጎን ቀለም አጥርቶ ያያል፤ ቀይና ቢጫ ቶሎ ይስበዋል። በመፋቂያ የተፈቀ ጥሬ ዱባ፣ የማያቃጥል ቀይ ቃሪያ፣ የዳንዴሊዮን አበባ፣ የሂቢስከስ አበባ፣ የጽጌረዳ አበባ ቅጠል ላዩ ላይ በትኚበት። አበባ ከሚሸጥበት የተገዛ ግን በጭራሽ፤ መድኃኒት የተረጨበት ነው። ካሮቱን አትክተፊው፣ ፍቂው፤ ደረቅ ቁራጭ ከንፈሩ ላይ ተንሸራትቶ ይወድቅና ተስፋ ይቆርጣል። በለስ የሚያፈራው ጠፍጣፋው ተክልም እሾሁ ተልጦ ሲከተፍ ግሩም ነው፣ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን ቁልቋል ግን እንዳትነኪ፤ እሱ መርዝ ነው። አቮካዶ፣ ሩባርብ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደጁ እንዳይደርሱ።

አቆራረጡ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የቅጠሉን መሀል አጥንት አውጪ፣ ቅጠሉን ጠቅልለሽ በ3 ወይም 4 ሚሊሜትር ስፋት ሸንሽኚው፣ ከዚያ አንዴ አሳጥሪው። እንዲህ የተሸነሸነ ቅጠል ሲነካ ይንቀጠቀጣል፤ እሱም የሚያየው እንቅስቃሴን ነው። አጥበሽ አራግፊው፣ ጠብታው ይቅርበት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መብራት ከበራ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሙቅ። ከዚያ ጎኑ ለስላሳ የሆነ ዝቅ ያለ ሳህን ብርሃን ባለበት አስቀምጪ፤ ልክ አምፖሉ ሥር ከሆነ ቅጠሉ በአንድ ሰዓት ይጠወልጋል፣ ጥላ ውስጥ ከሆነ አያየውም። የሚተኛበት ከሆነ ከሚመላለስበት መንገድ አውጥተሽ በራሱ ቁመት ልክ ድንጋይ ላይ አድርጊው። ትል በሚሰጥበት ቀን 4 ወይም 5 ትናንሽ ትሎች ቅጠሉ ውስጥ ልቀቂ። ትሎቹ ከሥር ሲገቡ ቅጠሉን ያነቃንቁታል፤ እሱም ትሉን ሲይዝ አንድ ሁለት ፍሬ ቅጠል አብሮ ይጎርሳል። ቀጣዩ ደረጃ ሱፐርዎርሙን በወረንጦ ይዞ የቅጠል ክር ጠምጥሞ መስጠት ነው። ሲለምድ ቅጠሉን አስፊ፣ ትሉን አሳንሺ፣ በመጨረሻ በወረንጦው ጫፍ ቅጠል ብቻ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳተው የካልሲየም ዱቄቱን ቅጠሉ ላይ መነስነስ ነው፤ ነጭ አቧራ የለበሰ ቅጠል ገና የሚለምድ ድራጎን አይነካም። ዱቄቱ ለትሉ ነው።

የትል_ጎተራ፦

ቅጠሉ ተብራርቷል፣ እኔ ስለ ነፍሳቱ። ሱፐርዎርም ሌላውን የሚያስረሳው ሁለት ነገር ስላለው ነው፦ ይንፈራገጣል፣ ስቡም ብዙ ነው። ስለዚህ ምትኩ መንቀሳቀስ አለበት።

ዱቢያ ካልነካ ጥፋቱ የበረሮው ነው። ዱቢያ አደጋ ሲሸተው ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ለድራጎን ዓይን ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። ለስላሳ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በጀርባው ገልብጪው፣ እግሮቹ ሲወራጩ ያየዋል። ከዚህም የሚሻለው ገና ቆዳውን የጣለውን መምረጥ ነው፦ እንደ ወተት የነጣ፣ ለስላሳ፣ ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንደዚያ የሚቆይ። ያንን ነጩን አልፎ የሚሄድ ድራጎን ብዙ አይገኝም፤ አንዴ ከቀመሰ ቡናማውንም ይቀበላል።

የሐር ትል ለስላሳና ስቡ ያነሰ ነው፣ ከተገኘ ከሁሉ እሱን እመርጣለሁ። የብላክ ሶልጀር ፍላይ እጭ በተፈጥሮው ካልሲየም ስላለው ዱቄት አያስፈልገውም፤ ቆዳው ግን ጠንካራ ነው፣ ሳይታኘክ ከተዋጠ እንዳለ ተመልሶ በኩሱ ይወጣል። ሆርንዎርም አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ላነሰው ጥሩ፣ ሲበዛ ኩስ ያቀጥናል። ዋክስዎርም አታስጀምሪው፤ ከሱፐርዎርም የባሰ ስባም ስለሆነ ከአንዱ ሱስ ወደ ሌላው መዝለል ነው። የማንኛውም ነፍሳት መጠን በሁለቱ ዓይኖቹ መሀል ካለው ስፋት አይብለጥ።

ሽግግሩን በሳምንት ሦስት ቀን አድርጊው። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ጊዜ 6 ሱፐርዎርምና 4 ሌላ፣ በሁለተኛው 4 ለ6፣ ከዚያ 2 ለ8። ቅደም ተከተሉን አትርሺ፦ ሌላው ይቀድማል፣ ሱፐርዎርሙ መጨረሻ። ተገልብጦ ከተሰጠ ሱፐርዎርሙን ጠራርጎ ይሄዳል።

ነፍሳቱን ራሳቸውን ከመስጠትሽ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በፊት በጎመንና በካሮት ቀልቢያቸው። በፉርሽካ ብቻ የከረመ ትል ባዶ ከረጢት ነው። አዲሱ ቱቦ እስኪገባ ከቫይታሚን ዲ3 ጋር የተዘጋጀውን ካልሲየም በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ተጠቀሚ፤ ቱቦው ከገባ በኋላ ዲ3 የሌለውን ካልሲየም በእያንዳንዱ የነፍሳት ቀን፣ መልቲቫይታሚን በሳምንት አንዴ። በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ቆንጠር አድርገሽ አራግፊያቸው፤ ሥሥ አቧራ ይበቃል። ያልተበላ ክሪኬት ታንክ ውስጥ አይደር፣ ተኝቶ ሳለ ይነክሰዋል። ከውጭ የተያዘ ነፍሳትም አይሰጥ፤ በተለይ ሌሊት የሚያበራው ጥንዚዛ አንዱ ብቻ ይገድለዋል።

ሊሊ_እንሽላሊት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነው ያገኘሁት። ሁለት ነገር ልጨምር። ትሉን ጨርሼ ባቆምበትና ርቦት ወደ ቅጠሉ ቢሄድስ? ፍራፍሬ ብቀባበትስ?

ጠንከር_በይ፦

አቁሚበት። አዋቂ ድራጎን ሁለት ሳምንት ቢጾም ምንም አይሆንም። ትል እንደማይመጣ ሲገባው ይበላል።

ቅጠል_በጠዋት፦

«ምንም አይሆንም» ማለቱ ሙቀቱ ለተስተካከለና ስብ ለያዘ አዋቂ ብቻ ነው። የሊሊ ድራጎን መብራቱ ገና አልተስተካከለም፤ አሁን ብታስርበው የምትፈትኚው መራጭነቱን ሳይሆን ብርዱን ነው። ቆዳ እየጣለ ከሆነ ወይም ወደ ክረምት እንቅልፍ እያዘነበለ ከሆነም አይሆንም። ከዓመት በታች ለሆነ ጭራሽ አይሞከርም።

ጨርሶ ማቆም አስፈላጊም አይደለም። ትሉን በቀጠሮው ቀን ስጪ፣ ቅጠሉ ቀድሞ 3 ወይም 4 ሰዓት ከቆየ በኋላ። ዋናው ነገር ቅጠል ሳይበላ ሲቀር አዝነሽ በሌላ ቀን ትል አለመጨመር ነው፤ አንዴ ከጨመርሽ መጠበቅ እንደሚያዋጣ ይማራል። በየ3 ወይም 4 ቀኑ ጠዋት፣ ከምግብ በፊት፣ በግራም በሚመዝን የኩሽና ሚዛን መዝኚው። ኩስ ሲወጣ ብቻ ክብደቱ ሊዋዥቅ ስለሚችል በአንድ ምዘና አትደንግጪ። ተደጋግሞ ከ410 በታች ከታየ ትሉን መልሺ፤ ወደ 387 ከደረሰ አሥር በመቶ አጥቷልና ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

ፍራፍሬውን በተመለከተ፣ አንድ ብሉቤሪ ጨፍልቀሽ ቅጠሉን በሥሡ መቀባት ለጥቂት ቀን ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን ፍራፍሬ በሳምንት አንዴ፣ የጥፍር ያህል። ካላቆምሽ የተቀባውን ልሶ ቅጠሉን የሚተው ድራጎን ታሳድጊያለሽ። ብርቱካንና ሎሚ አይሰጡም።

መብራትና_ሙቀት፦

ሙቀቱም ዩቪቢውም ተስተካክሎ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎ አሁንም ከሱፐርዎርም ሌላ እምቢ ካለ፣ ወይም እየበላ ከከሳ፣ ወይም ኩሱ ከወትሮው የባሰ ከሸተተ የሆድ ጥገኛ ይመርመር። ኮክሲዲያና ፒንዎርም በድራጎን ላይ የተለመዱ ናቸው፤ ትንሽ መገኘታቸው ብቻውን መድኃኒት አያስወስድም፣ ሐኪሙ ብዛቱን አይቶ ይወስናል። መንጋጋው ሲነካ የሚለሰልስ ወይም ጣቶቹ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ግን የካልሲየም እጥረት ነውና ሳምንት አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጂው።

ለምርመራው ትኩስ ኩስ ያስፈልጋል። ነጩን የሽንት ክፍል ትተሽ ቡናማውን በንጹሕ ማንኪያ ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ አድርጊ፣ እንዳይደርቅ ጠብታ ውሃ ጨምሪበት። በዕለቱ ማድረስ ካልቻልሽ ፍሪጅ ውስጥ ይደር እንጂ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሐኪሙ ጋ ይድረስ።