ስቶክሆልም ላይ የድሮ በርጩማ የት ይገኛል? የወረቀት ገመድስ ማን ይጠፍራል? (ጥቆማ)

የሶልናዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት የድሮ በርጩማ እፈልጋለሁ። አንዱ ባለ ሦስት እግር የፊንላንዳዊው ዲዛይነር የአልቫር አልቶ፣ ሌላው መቀመጫው በወረቀት ገመድ (ከተጠመዘዘ ወረቀት በተሠራ ገመድ) የተጠፈረ የዴንማርክ። ብሎኬት (የሽያጭ ማስታወቂያ ድረ ገጽ)፣ አውክሹኔት (የጨረታ ድረ ገጽ) ወይስ ሚሮርና (ያገለገሉ ዕቃዎች መደብር) ይሻላል? ገመዱ የተበጠሰ ከሆነስ የሚጠፍር ባለሙያ ታውቃላችሁ?

ባለመጋዝ፦ አውክሹኔት። ሌላ ቦታ አትድከሚ። የየከተማውን ጨረታ ቤቶች አንድ ላይ ታገኛቸዋለሽ፤ ጉዳቱም ይጻፋል። የገዢውን ኮሚሽንና ማጓጓዣውን ቀድመሽ ደምሪ፤ ዕቃው ኡሜዮ ካለ ማጓጓዣው ከበርጩማው ሊበልጥ ይችላል።

ኖርሾፒንግ፦ እኔ ብሎኬት እላለሁ። ግን «አልቶ» ብለሽ አትፈልጊ፤ ስሙን የሚያውቅ ሻጭ ዋጋውንም ያውቃል። «ፓል ብዮርክ» (በስዊድንኛ የበርች በርጩማ) ብለሽ ፈልጊና እግሩን በፎቶ እይ። የአልቶ እግር ከታች ድፍን የበርች እንጨት ነው። መታጠፊያው ላይ ብቻ በመጋዝ ተሰንጥቆ ልባጥ (እንደ ወረቀት የሳሳ እንጨት) በኮላ ይገባበታል፤ ስለዚህ የልባጡ መስመሮች ከመታጠፊያው ትንሽ ወረድ ብለው ይቆማሉ። እስከ ወለል ከወረዱ እግሩ በሙሉ ኮምፔንሳቶ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የኢኬያ ፍሮስታ።

አበሻ_ማልሞ፦ ፍሮስታ እኮ አራት እግር ነው፤ ቆጥሮ መለየት ይቻላል።

ኖርሾፒንግ፦ አይቻልም። አልቶም ባለ አራት እግር አለው፣ ኢ60 ይባላል። የሚያስተማምነው መታጠፊያው ነው። ቀጥሎ ሥሩን ገልብጠሽ ማህተም ፈልጊ፤ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ አጋማሽ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ስዊድን ውስጥ ሄደሞራ ይመረት ስለነበር የሄደሞራ ማህተም ያለበት እዚህ አገር ይገኛል።

ሁዲንጌ፦ ከመግዛቱ ይልቅ ማሳደሱ ላይ ተጠንቀቂ። የኛን የቲክ እንጨት በርጩማ አንድ ወርክሾፕ በማሽን ፍቆ ልባጡን ጨረሰው፤ ከሥሩ ቺፑድ ወጣ። «ያረጀ ዕቃ ነው» ብለው አንድ ክሮና አልመለሱም።

አበሻ_ማልሞ፦ የትኛው ወርክሾፕ ነው? ንገሪንና እንጠንቀቅ።

ሁዲንጌ፦ ስም አልጠራም። ግን ሥራ ከመስጠታችሁ በፊት በምን እንደሚፍቁት ጠይቁ።

ፋርስታ_አናጺ፦ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዚያ ዘመን ልባጥ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሽን ላይ ከተደረገ በደቂቃ ያልቃል፣ በተለይ ጠርዙ። መጀመሪያ በምን እንደተቀባ መለየት ነው። በማይታይ ቦታ ጥጥ በቲ-ሮድ (ስዊድን ውስጥ የሚሸጥ የማይጠጣ አልኮል) ነክራችሁ ያዙበት፤ ከተጣበቀ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የድሮ ቬርኒሽ) ነው። ካልሆነ በአሴቶን ሞክሩ፤ ከለሰለሰ የሴሉሎስ ቬርኒሽ ነው። ሁለቱም ካልነኩት ዘይት ወይም ጠንካራ ቬርኒሽ ሊሆን ይችላል። ዘይት ብቻ ከሆነ መፋቅም አያስፈልግ፤ በ240 ቁጥር በእጅ፣ እንጨቱ በሚሄድበት አቅጣጫ አለስልሳችሁ እንደገና ዘይት ቀቡት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉት፣ በራሱ ይነድዳል። ውሃ ውስጥ አኑሩት ወይም ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ቢችና ኦክ፦ ያልተቀባ የቢች እንጨት ከሆነ ዘይትም አትቀቡት፣ ይቢጫል። ዴንማርኮች የሳሙና ፍርፋሪ ነው የሚጠቀሙት፦ 50 ግራም በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ። በስፖንጅ ቀብቶ ትርፉን መጥረግ፣ ሲደርቅ በ240 ማለስለስ፣ መድገም። ቲክ ላይ አይሆንም።

ባለመጋዝ፦ አውክሹኔት ላይ የታደሰም ስለሚገኝ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም።

ፋርስታ_አናጺ፦ ወንድሜ፣ «የታደሰ» የተባለው ነው ብዙ ጊዜ ተፍቆ ያለቀው። እህታችን የጠየቀችው ደግሞ ስለ ገመድ ነበር፤ እስካሁን የመለሰላት የለም።

ገመድ_ጠፋሪ፦ እኔ ልመልስ። የሚጠፍር ከመፈለግሽ በፊት መጋጠሚያዎቹን አነቃንቂ። ከላሉ መጀመሪያ እሱ ይጠገናል፣ ከተጠፈረ በኋላ በሞርሳ ማጥበቅ ይከብዳል። አሮጌው ኮላ በሙቅ ውሃ ለስልሶ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ አዲስ ነጭ ኮላ በአሮጌው ላይ አይያዝም። ሚስማር አታስመቺ፣ እንጨቱን ይሰነጥቃል።

ገመዱ ባለ ሦስት ክር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው። የዴንማርካዊው ዲዛይነር የሃንስ ቬግነር ዋይ ወንበር ወደ 120 ሜትር ይፈጃል፣ ክብደቱም ወደ 0.9 ኪሎ ነው። ለ40 በ40 ሴንቲ ሜትር በርጩማ አንድ ኪሎ ግዢ። ከማዕዘን ይጀመርና አራቱን ማዕዘን እየዞረ ይሄዳል፤ በየጥቂቱ ዙር ረድፉን በእንጨት ገፍተሽ ካላጠጋጋሽ መሃሉ ይላላል። በላይኛውና በታችኛው ንብርብር መሃል ካርቶን ይገባል፣ አለበለዚያ በአንድ ዓመት ይሰምጣል። ቋጠሮው ሁሌ ከሥር ይሁን።

ያለው ገመድ ቆሽሾ ብቻ ከሆነ ባትነኪው ይሻላል። በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ከራሰ ወረቀቱ ይፈታል።

ጅማዬ፦ ለቡና ከሆነ ተይው። አልቶ ቁመቱ 44 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ረከቦት ፊት ተቀምጠሽ ጀበና ለመቅዳት ትጎብጫለሽ። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፣ መጋጠሚያ ስለሌለው የሚላላም ነገር የለውም።

የሶልናዋ፦ ለቡና አላልኩም፣ ለሳሎን ነው 😊 ግን አመሰግናለሁ። ገመድ ጠፋሪ፣ ስቶክሆልም ነህ? ብሎኬት ላይ አንድ አይቻለሁ፤ እግሩ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት።

ገመድ_ጠፋሪ፦ ዩቴቦሪ ነኝ። ቀዳዳዎቹ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ክብ ከሆኑ የእንጨት ትል ነው። ጥቁር ወረቀት ላይ አንኳኪው፤ ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ከወረደ ትሉ በሕይወት አለ። በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዪው። ቤት ሳታስገቢ።

ባለመጋዝ፦ አውክሹኔት ላይ ቢሆን ትሉ መግለጫው ላይ ይጻፍ ነበር።

ሁዲንጌ፦ የኛም መግለጫው ላይ «በጥሩ ሁኔታ» ይል ነበር።