ለታክሲና ለቢሮ የሚሆን ሄድፎን፦ በ150 ዶላር የቱን ላስመጣ?

የአያት ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ ይመጣል፤ ሄድፎን እንዲያመጣልኝ ልነግረው ነው። ገመድ የሌለውና ጫጫታ የሚቀንስ እንዲሆን እፈልጋለሁ። በጀቴ እስከ 150 ዶላር ነው።

ሁኔታዬ ይኸውላችሁ። ጠዋትና ማታ ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ በታክሲ ነው የምመላለሰው። ቢሮዬ መስኮቱ ሥር ጀነሬተር አለ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ራሴን ያዞረኛል። ከጎኔ ያሉት ባልደረቦቼ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስልክ ያወራሉ። የማዳምጠው መዝሙር፣ ዘፈንና ትረካ ነው። ስልኬ ሳምሰንግ ነው፤ የቢሮ ላፕቶፕም አለኝ። መነጽር አደርጋለሁ፣ ፀጉሬን አብዛኛውን ጊዜ ሹሩባ እሠራለሁ።

ያገለገለም ቢሆን ሶኒ ኤክስ ኤም 4 ይሻልሻል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው? ወይስ እዚሁ መርካቶ ልግዛ?

ሳውንድማን

እህቴ፣ ከብራንዱ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህ ቴክኖሎጂ የትኛውን ጫጫታ እንደሚቀንስ ሳታውቂ ከገዛሽ፣ 400 ዶላር ብታወጪም ትናደጃለሽ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሄድፎኑ ላይ ትንንሽ ማይኮች አሉ። የውጭውን ድምፅ ይሰማሉ። ውስጥ ያለው ቺፕ ወዲያው የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ሠርቶ በስፒከሩ ይለቃል። ሁለቱ ሞገዶች ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ይህ በደንብ የሚሳካው ድምፁ ወፍራምና የማይቋረጥ ሲሆን ነው፤ የጀነሬተር ጉርምርምታ፣ የሚኒባስ ሞተር፣ የቬንትሌተርና የአውሮፕላን ድምፅ። የወያላ ጥሪ፣ ክላክስ፣ የሕፃን ለቅሶ ግን ድንገት የሚመጣና ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ነው። ቺፑ ብዙም አያስቆመውም። እሱን የሚከላከልልሽ ጆሮሽን የከደነው ትራስ ነው።

ስለዚህ ጀነሬተሩ በጣም ይቀንስልሻል። የባልደረቦችሽ ወሬ ደግሞ ይደበዝዛል እንጂ ድርግም ብሎ አይጠፋም። ዝግ ያለ መዝሙር ከከፈትሽበት ግን ቃል በቃል አይሰማሽም። እንደኔ ለሥራ ትኩረት ይህ ይበቃል።

ባለመነጽሯ

እኔም እንዳንቺ መነጽርም ሹሩባም አለኝ። ይቺን ሻጭ አይነግርሽም፦ ትራሱ ጆሮሽ ዙሪያ ካልገጠመ ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ ከንቱ ነው። የመነጽርሽ ዘንግ ወፍራም ከሆነ በትራሱና በቆዳሽ መሀል ክፍተት ይተዋል። በዚያች ክፍተት የጀነሬተሩ ድምፅ ይገባል፣ የዘፈኑ ቤዝ ይወጣል።

መሞከሪያ አለው። መነጽርሽን እንዳደረግሽ ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቺ። ከዚያ ሁለቱን ጎን በመዳፍሽ ቀስ ብለሽ ወደ ጆሮሽ ተጫኚ። ስትጫኚ ቤዙ ድንገት ከፍ ካለ ክፍተት አለ። ብዙም ካልተለወጠ ገጥሞልሻል። ቀጭን የብረት ዘንግ ያለው መነጽር ካለሽ ቢሮ እሱን አድርጊ፤ ልዩነቱ በደንብ ይሰማል።

ሹሩባው ላይ ወሳኙ ክብደት ነው። ከባድ ሄድፎን አዲስ በተሠራ ፀጉር ላይ ሲያርፍ ከሰዓት በኋላ ራስ ያማል። ሻሽ ካሠርሽ ደግሞ ጨርቁ ከትራሱ ሥር አይግባ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት

ባለመነጽሯ ያለችው ትክክል ነው፤ በዚያው ልቀጥል። በበጀትሽ ሁለት ሄድፎን ነው የምመክርሽ።

አንደኛው ሶኒ ሲ ኤች 720 ኤን ነው። 2023 የወጣ ነው፤ ሲወጣ ዋጋው 150 ዶላር ነበር። ክብደቱ 192 ግራም ብቻ! የኤክስ ኤም 4 ክብደት 254 ግራም ነው፤ የአፕሉ ኤርፖድስ ማክስማ ከ380 ግራም በላይ ነው። ጫጫታ መቀነሻው በርቶ እስከ 35 ሰዓት ይሄዳል። ከስልክሽና ከላፕቶፕሽ ጋር እኩል ይገናኛል። የሚጎድለው አለመታጠፉ ነው፤ መያዣም አብሮት አይመጣም። አካሉም ፕላስቲክ ነው።

ሁለተኛው የአንከር ሳውንድኮር ስፔስ ዋን ነው። ሲወጣ 100 ዶላር ነበር። ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እስከ 40 ሰዓት ይሄዳል፤ 5 ደቂቃ ቻርጅ ብታደርጊው ደግሞ 4 ሰዓት ያህል ያሰማሻል። መብራት ለሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክብደቱ ግን 265 ግራም ነው።

ለሹሩባሽና ለመነጽርሽ ስል ሶኒውን እመርጥልሻለሁ። ኤል ዳክ የሚባል፣ ድምፅን በብሉቱዝ በተሻለ ጥራት የሚልክ ዘዴ በአንከሩ ላይ አለ፣ በዚህኛው ሶኒ ላይ የለም፤ ታክሲ ውስጥ ትረካ ለምትሰማ ሰው ግን ለሱ ተብሎ ብር አይጨመርም።

አንድ አደራ አለኝ። ወንድምሽ ቶሎ ይግዛው፣ እዚሁ አሜሪካ እያለ ከፍቶ አንድ ሁለት ቀን ይሞክረው። ችግር ካለው ደረሰኙን ይዞ ይመልሰዋል። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ መመለሱ አይታሰብም።

የመርካቶ ጠጋኙ

መርካቶም ቦሌም ኦርጅናል አለ። ኮፒውም ከጎኑ ተደርድሯል፤ ካርቶኑና ጽሑፉ ቁርጥ እሱን ነው። እዚህ ከገዛሽ ሳትከፍዪ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ የአምራቹን አፕ ስልክሽ ላይ ጭነሽ ሂጂ። ብዙው ኮፒ በብሉቱዝ ይገናኛል፣ አፑ ግን አያውቀውም። ቀጥሎ ምንም ዘፈን ሳትከፍቺ ጀነሬተር ወይም ቬንትሌተር አጠገብ ቁሚና ጫጫታ መቀነሻውን አብሪ፣ አጥፊ። ጉርምርምታው ልክ ስታበሪው ዝቅ ማለት አለበት። ልዩነት ከሌለው ጥለሽው ውጪ።

ያገለገለው ኤክስ ኤም 4 መጥፎ አይደለም። ይታጠፋል፣ ጫጫታ በመቀነስም ከሲ ኤች 720 ኤን ይበልጣል። ግን 2020 የወጣ ዕቃ ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ በዕድሜ ይደክማል። አዲስ ሳለ 30 ሰዓት ይሄድ ነበር። አሁን ስንት ሰዓት እንደሚሄድ ሻጩ ካልነገረሽ አትግዢ። ትራሱ ተላጦ ብታዪ አትደንግጪ፣ ተነቅሎ በሌላ ይተካል። ማጠፊያው ላይ ስንጥቅ ካየሽ ግን ተዪው።

የአያት ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቀማችሁኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ጆሮ ውስጥ የሚገባው መነጽርም ሹሩባም አይነካውም፤ እሱ አይሻልም? ደግሞ ባልደረባዬ በብሉቱዝ ሄድፎኑ ላፕቶፕ ላይ ስብሰባ ሲገባ ድምፁ እንደ ድሮ ስልክ ይታፈናል። ይህ የዕቃው ችግር ነው?

ሳውንድማን

ስብሰባው ላይ ያለው ችግር የዕቃው አይደለም። ሄድፎኑ በአንድ ጊዜ ድምፅ ማሰማትም ማይክ መሆንም ሲጠበቅበት ብሉቱዙ ጥራቱን ዝቅ ያደርጋል። መፍትሔው ከስብሰባው በፊት የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማይኩን የላፕቶፑ ማድረግ ነው። መስሚያው ሄድፎኑ ሆኖ ይቀጥላል። ድምፁ ወዲያው ጥርት ይላል።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው ለታክሲ ቀላል ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል። የጎማው መጠን ከጆሮሽ ጋር ከገጠመ ጀነሬተሩንም ይቀንሳል። ነገር ግን ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ በዕድሜም ቀድሞ ይደክማል፤ ሲደክም ደግሞ መቀየሩ ከባድ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ለምታደርግ ሰው ጆሮም ያሳክካል። አንቺ ላይ አልመርጠውም።

ጋሽ ጡረተኛው

ልጄ፣ ዕቃውን ልጆቹ በደንብ ነግረውሻል፤ እኔ ስለ ጆሮሽ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ማዳመጥ ይቻላል ይላል። 90 ዴሲቤል ከደረሰ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ። ታክሲ ውስጥ በተራ ኤርፎን የሚሰማ ሰው ሞተሩን ለመብለጥ ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍታል። ጫጫታ የሚቀንሰው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ዝቅ አድርገሽም ይሰማሻል። ዝቅ ማድረግሽን ግን አትርሺ። መንገድ ስትሻገሪ ደግሞ የውጭውን ድምፅ የሚያስገባው ቁልፍ አለ፣ እሱን ተጫኚ ወይም አውልቂው። መገናኛ ላይ መኪናው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

የአያት ልጅ

እሺ ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ። ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ለወንድሜ አሁን ጻፍኩለት፦ ሶኒ ሲ ኤች 720 ኤን፣ ጥቁር፣ ደረሰኙን ያዝ፣ እዚያው ከፍተህ ሞክረው። መያዣ አብሮት ስለማይመጣ መርካቶ አገኝ ይሆን?

የመርካቶ ጠጋኙ

ታገኛለሽ። ጠንካራውን ባለዚፕ ግዢ፤ ለስላሳው ከረጢት ታክሲ ውስጥ ሲጨናነቅ አያድንም። ይኼኛው ስለማይታጠፍ ለሚታጠፉት የተሠራው መያዣ ይጠበዋል፤ ሄድፎኑን ይዘሽ ነይና ከተን እናየዋለን።