በአንድ ሲሪያል ፖርት ኪቦርድና ታችፓድ፦ ድራይቨሩ እንዴት ይዋቀር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቦርዱ ላይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቺፕ) ኪቦርዱንም ታችፓዱንም እያነበበ በአንድ ዩአርት (ሲሪያል ፖርት)፣ በ115200 ቦድ (ቢት በሰከንድ) ወደ ሊኑክስ ይልካል። ለሁለቱም ለየብቻ የሰርዴቭ (በሲሪያል ፖርት ለተገናኙ መሣሪያዎች የሚሆን የሊኑክስ ከርነል ክፍል) ድራይቨር ጽፌ ዲቫይስ ትሪው (ለከርነሉ ሃርድዌሩን የሚገልጸው ፋይል) ላይ ሁለት ኖድ፣ ማለትም ሁለት የመሣሪያ መግለጫ አስገባሁ። ሁለተኛው «ፖርቱ ተይዟል» ብሎ አይነሳም። የኪቦርዱ ብቻውን ሲሠራም፣ ጣት ታችፓዱ ላይ ሲንቀሳቀስ አንዳንዴ አንድ ቁልፍ እንደተጫነ ይቀራል። ፈርምዌሩን (ማይክሮኮንትሮለሩ ላይ የሚሠራውን ፕሮግራም) መቀየር እችላለሁ።

መላሽ 1፦
ሰርዴቭ በአንድ ፖርት አንድ ደንበኛ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ስለዚህ አንድ ኖድ፣ አንድ ድራይቨር አድርገው። ፍሬሙን (አንድ የተጠቀለለ መልእክት) ከፍቶ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ ሁለት ኢንፑት ዲቫይስም ያስመዘግባል። አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው፤ ሊብኢንፑት (የግብዓት መሣሪያዎችን ለዴስክቶፑ የሚያስተናግደው ላይብረሪ) እንዴት እንደሚይዛቸው የሚወሰነው ባስመዘገብካቸው አቅሞች ነው። በፕሮብ (ድራይቨሩ ሲነሳ የሚጠራው ፈንክሽን) ውስጥ መጀመሪያ ኢንፑቶቹን አስመዝግብ፣ ከዚያ ፖርቱን ክፈት፣ ቦድ ሬቱን ከከፈትክ በኋላ አስተካክል። ቀድመህ ከከፈትክ ባይት ያልተዘጋጀ ኢንፑት ላይ ሊደርስ ይችላል።

መላሽ 2፦
ቁልፉ ተጭኖ የሚቀረው ኮድህ አንድ የመቀበያ ጥሪ (ባይት ሲመጣ ሰርዴቭ የሚጠራው የድራይቨርህ ፈንክሽን) አንድ ሙሉ ፍሬም ነው ብሎ ስለሚያስብ ይመስለኛል። እንደዚያ አይደለም። ጣት ሲንቀሳቀስ የታችፓዱ ፍሬም ጅራትና የኪቦርዱ ፍሬም ራስ በአንድ ጥሪ ተያይዘው ይመጣሉ፤ የቁልፉ መለቀቅ እዚያው ይጠፋል። የመጣውን ሁሉ ወደ ራስህ በፈር ገልብጥና ሙሉውን የባይት ብዛት መልስ። ፍሬሙ፦ መነሻ ባይት፣ ቻናል፣ ርዝመት፣ ዳታ፣ 2 ባይት ሲአርሲ (ዳታው እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ ቁጥር)። ርዝመቱን ከማመንህ በፊት ከሚፈቀደው ከፍተኛ ርዝመት ጋር አወዳድር። ሲአርሲው ካልገጠመ 1 ባይት ብቻ ጣልና መነሻውን እንደገና ፈልግ፤ የተበላሸው ራሱ የርዝመቱ ባይት ከሆነ ፍሬሙን በሙሉ መጣል ቀጣዩን ጤነኛ ፍሬም ይዞ ይሄዳል።

ፈርምዌሩም «ተጫነ፣ ተለቀቀ» ከሚል የሁሉንም ቁልፎች ሁኔታ በቢት ይላክ። 64 ቁልፍ 8 ባይት ነው፤ ከነመጠቅለያው 13 ባይት፣ በዚህ ፍጥነት 1.1 ሚሊሰከንድ ገደማ። ከመጨረሻው ለውጥ በኋላም ሁለት ሦስቴ ይድገመው። ያልተለወጠ ቁልፍ ደጋግመህ ብታሳውቅ ኢንፑት ኮሩ (የከርነሉ የግብዓት ክፍል) ራሱ ችላ ይለዋል።

ጠያቂ፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የካፕስ ሎክን መብራት ለማብራትስ ከኢንፑቱ የኢቨንት ጥሪ (መብራት እንዲበራ ከርነሉ የሚጠራው ፈንክሽን) በቀጥታ ወደ ፖርቱ ልጻፍ?

መላሽ 3፦
አይሆንም። ያ ጥሪ የሚመጣው ስፒንሎክ (ተይዞ ሳለ መተኛት የማይፈቀድበት መቆለፊያ) ተይዞ ነው፤ የሰርዴቭ መጻፊያ ደግሞ ሚውቴክስ (ሲያዝ ተኝቶ የሚጠበቅ መቆለፊያ) ስለሚይዝ ሊተኛ ይችላል። የመብራቱን ሁኔታ አስቀምጥና ጽሕፈቱን ለወርክኪው (ሥራን በኋላ፣ መተኛት በሚቻልበት ቦታ ለሚያስፈጽመው የከርነል ወረፋ) ስጠው። የሚጠብቀውን መጻፊያ ከተጠቀምክ የራይት ዌክአፕ ጥሪውንም (ለመጻፍ ቦታ ሲገኝ የሚጠራውን) ሙላ፤ ባዶ ከሆነ መጻፊያው ወዲያውኑ ስህተት ይመልሳል። መቀበያው ጥሪ ውስጥ ቆመህ ከማይክሮኮንትሮለሩ ማረጋገጫ አትጠብቅ፤ ማረጋገጫው የሚገባው በዚያው ጥሪ ስለሆነ በፍጹም አይደርስህም።