የዕቅድ ውይይት፦ በትምህርት ቤት ልጅን በጉልበት ስለመያዝ ለቦርዱ የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሞንጎመሪ ካውንቲ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) የትምህርት ቦርድ ከምናስገባው ረቂቅ ላይ «ልጅን ለብቻ ክፍል መዝጋት ይከልከል» የሚለው አንደኛ ነጥብ ይውጣ። ሜሪላንድ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከልክላዋለች። የተከለከለውን ይከልከል ብንል ሕጉን ሳያነቡ መጡ እንባላለን።

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦
ይውጣ፤ ግን አንድ መስመር ይቆይልኝ። ዲስትሪክቱ እየከፈለላቸው ወደ ግል ልዩ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ። እዚያ የጤና ባለሙያ እየተከታተለ መዝጋት አሁንም ይቻላል።

በጉልበት መያዝን በተመለከተ የሜሪላንድ ደንብ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፣ ልጁ እንደተረጋጋ ይለቀቅ ይላል። በሆዱ ማስተኛት፣ ፊቱን መከለል፣ ላዩ ላይ መቀመጥም ክልክል ነው። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ደረቱን የተጫኑት ልጅ አየር ሲያጥረው ይፍጨረጨራል፤ የያዘው ሰው ደግሞ እምቢ ያለ መስሎት ይበልጥ ይጫነዋል። ስለዚህ ከሚይዙት ውጪ ፊቱንና አተነፋፈሱን ብቻ የሚያይ፣ ሰዓት የሚመዘግብ አንድ ሰው ይቁም የሚል ይጨመር።

አስተርጓሚ፦
ለወላጅ በሚሰጠው ቅጽ ላይ «መያዝ» ብቻ ከተጻፈ ወላጅ እጁን ይዘው ያስቀመጡት ነው የሚመስለው። «እንዳይንቀሳቀስ በጉልበት መያዝ» ይባል። በ24 ሰዓት ውስጥ ለወላጅ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ግን «ዛሬ ትንሽ አስቸግሮ ነበር» የሚል ስልክ ማሳወቅ አይባልም። በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ ማን፣ እንዴት አድርጎ ያዘው? ከዚያ በፊት ምን ተሞከረ? ነርስ አይታዋለች ወይ? እነዚህ በአማርኛ ይነገሩ።

የሕግ ጉዳይ ተጠሪ፦
ዋናውን ቀዳዳ ገና አልነካነውም። በጉልበት መያዝ በልጁ አይኢፒ (ለልዩ ፍላጎት ተማሪ በግሉ የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ) ውስጥ እንዲገባ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወላጁ ከአይኢፒ ቡድኑ ስብሰባ በኋላ በ15 የሥራ ቀን መልስ ካልሰጠ ግን ቡድኑ ሥራ ላይ ሊያውለው ይችላል። ይህ ሦስት ሳምንት ነው። የተተረጎመውን አይኢፒ ለመስጠት ደግሞ ትምህርት ቤቱ 30 ቀን አለው። እናት ወረቀቱን በቋንቋዋ ስታገኝ ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ተቆጥሮ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ሕጉ «ይችላል» እንጂ «አለበት» አላለም። ዲስትሪክቱ ትርጉሙ እስኪደርስ እጠብቃለሁ ቢል የሚከለክለው የለም። አንደኛ ነጥባችን ይህ ይሁን።

የወላጆች ተወካይ፦
ጋሼ፣ ወላጁ ትርጉም ካልጠየቀስ? ብዙዎቹ መብት እንዳላቸው አያውቁም።

የሕግ ጉዳይ ተጠሪ፦
ልክ ነሽ እህቴ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከተጠየቀበት ዕለት ነው። እንግዲያው የትርጉም መጠየቂያው ስብሰባው ላይ ከፈቃዱ ቅጽ ጋር ተያይዞ ይሰጥ፤ ወላጁ ምልክት አድርጎ እዚያው ይመልሰው። ቀን የተጻፈበት ቅጂም ይዞ ይውጣ።

ጸሐፊ፦
ገባኝ። በጉልበት የተያዙ ልጆች ቁጥር በየትምህርት ቤቱ በቋንቋ ተለይቶ ለሕዝብ ይፋ ይሁን የተባለውንስ?

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦
በዲስትሪክት ደረጃ ብቻ። በትምህርት ቤት ደረጃ ከወጣ አንድ ሁለት አማርኛ ተናጋሪ ልጆች ብቻ ባሉበት ማንነታቸው ይታወቃል።

ሰብሳቢ፦
የሕጉን ክፍል ጋሼ፣ ቅጹን አስተርጓሚያችን እስከ ማክሰኞ ማታ ላኩልኝ። የተያዘውን ልጅ የሚከታተል ሰው የሚለውን መምህርት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ ቦርዱ ፊት ጮክ ብሎ የሚነበበው እሱ ነው።