የራሳችን ሰው ሲዋሽስ?

ጠያቂው፦
እስቲ አንድ ጥያቄ ላንሳ፣ በግልጽ እንነጋገር። የሌላው ፓርቲ እጩ ሲዋሽ ሁላችንም ዳኛ ነን። የድሮ ንግግሩን ቆፍረን እናወጣለን፣ ቪዲዮውን ቆርጠን ሼር እናደርጋለን። የራሳችን ሰው ሲዋሽስ? ወይ ዝም እንላለን፣ ወይ "እነሱስ ምን አደረጉ?" ብለን ወሬውን ወደዚያ እናዞራለን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የምትደግፉት እጩ እያወቀ እንደዋሸ በማስረጃ ብታረጋግጡ ድምፃችሁን ትከለክሉታላችሁ? እባካችሁ ስለ ሌላው ፓርቲ አትጻፉልኝ። ስለ ራሳችሁ ብቻ።

የፓርቲ ልጅ፦
እኔ አልደብቅም። አልከለክለውም። የምመርጠው ሰውዬውን ሳይሆን ፕሮግራሙን ነው። ሁለቱ ፓርቲዎች በግብር፣ በጤና፣ በትምህርት ላይ ያላቸው ሐሳብ ፍጹም አይገናኝም። አንድ እጩ ዋሸ ብዬ የማላምንበትን ፖሊሲ ለሚቀጥሉት አራትና አምስት ዓመታት ልሸከም? የሚጎዳው እኮ እጩው አይደለም፣ እኔና እንደኔ ያለው ሰው ነው።

ድምፅ አልሰጥም፦
ምን ያከራክራችኋል? ሁሉም ይዋሻል። ከምርጫ በፊት ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ከምርጫ በኋላ ስልክ አያነሱም። እኔ ከዚህ ጨዋታ ከወጣሁ ቆየሁ፣ ሰላም አግኝቻለሁ።

መዝጋቢ፦
ወንድሜ፣ ብስጭትህ ይገባኛል፤ "ሁሉም" የሚለው ግን ልክ አይደለም። በ12 አገሮች የተካሄዱ 57 የምርጫ ዘመቻዎችን ያጠኑ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ነበሩ። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል፣ ከ20,000 በላይ የምርጫ ቃሎችን አንድ በአንድ ነው የተከታተሉት። ያገኙት እኛ ከምናስበው ጋር አይገጥምም። ሥልጣን የያዙ ፓርቲዎች ከገቡት ቃል ብዙውን፣ ቢያንስ በከፊል፣ ይፈጽማሉ። ብቻውን መንግሥት የመሠረተ ፓርቲ ደግሞ በጥምረት ከሚያስተዳድረው የበለጠ ይፈጽማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጥምረት ማለት ድርድር ነው፣ ሲደራደሩ የሚጣል ነገር አለ። እና አንድ ነገር ልጨምር፣ አትቀየመኝ። "ሁሉም ይዋሻል" የሚለው አባባል በጣም የሚጠቅመው በጣም የሚዋሸውን ሰው ነው። ለትልቁ ውሸታምም ለትንሹም አንድ ዓይነት ዋጋ ነው የምንሰጠው።

አዲስ መራጭ፦
እኔ ዘንድሮ የመጀመሪያዬ ነው፣ እናንተ ስትከራከሩ ግራ ገባኝ። ያልተፈጸመ ቃል ውሸት ነው እንዴ?

ቀጥተኛዋ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው የኔ እህት። አይደለም። ሁለቱን ካልለየን መቼም አንግባባም። ትልቁ ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1988 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር አዲስ ግብር አልጥልም ብሎ ቃል ገባ። በ1990 የበጀት ጉድለቱ ሲያስጨንቀው ከተቃዋሚዎቹ ጋር ተስማምቶ ግብር ጨመረ። ቃሉን አፍርሷል፣ በ1992ም ተሸንፏል። ግን ቃሉን ሲገባ ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር ለማለት ማስረጃ የለኝም። ሁኔታው ተቀየረና ከሁለት ከባድ ነገሮች አንዱን መረጠ። አሁን ደግሞ የሃንጋሪውን ጠቅላይ ሚኒስትር ፈረንጽ ጁርቻንን እይ። በ2006 ምርጫውን አሸነፈ። ከዚያ በዝግ ስብሰባ ለራሱ ፓርቲ ሰዎች ጠዋትም ማታም ስንዋሽ ነበር ብሎ ተናገረ። የንግግሩ ቅጂ ሾልኮ ወጣ፣ ሕዝቡም አደባባይ ወጣ። ይሄኛው እያወቀ ነው። የኢኮኖሚውን ትክክለኛ ሁኔታ እያወቀ ለመራጩ ሌላ ነገር ነገረው። መራጩ በሐሰት መረጃ ፈረመ ማለት ነው። ለእኔ ውሸት ይሄ ነው።

የፓርቲ ልጅ፦
ምሳሌሽ እኔን ነው የሚደግፈው። ያ ሰው ተጋለጠ፣ ፓርቲው በ2010 ተንኮታኮተ፣ ተቃዋሚው በፓርላማው ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ወንበር አገኘ። ለሃንጋሪ ሶሻሊስት መራጭ ይሄ ምን ጠቀመው? ያመነበት ነገር በሙሉ አብሮ ወደቀ። የራሳችንን ሰው ስናጋልጥ ሌላው ወገን ያጨበጭባል እንጂ የራሱን አያጋልጥም። አንድ ወገን ብቻ ሐቀኛ ከሆነ ሁልጊዜ የሚሸነፈው እሱ ነው። ይሄን የምለው ውሸትን ወድጄ አይደለም፣ እውነቴን ነው፣ ያስጨንቀኛል።

ቀጥተኛዋ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ግን ነገሩን ገለበጥከው። ፓርቲውን የገደለው እውነቱ መውጣቱ አይደለም፤ ውሸቱ ነው የገደለው። ያን ቀን በስብሰባው ላይ የነበሩት ሰዎች ከምርጫው በፊትስ የት ነበሩ? ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም? ነበረ። ግን "አሁን ጊዜው አይደለም" ብሎ ዝም አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ሲቀል ደግሞ ተሸካሚው ብቻ አይደለም የሚጋለጠው፣ አብሮት የተጓዘው ሁሉ ነው።

የራሱን የሚያጋልጥ ወገን የለም ላልከው ደግሞ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሪፐብሊካኑን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን በዋተርጌት ቅሌት ያወረዱት ዴሞክራቶች ብቻ አይደሉም። በሐምሌ ወር መጨረሻ የምክር ቤቱ የፍትሕ ኮሚቴ የመጀመሪያውን የክስ አንቀጽ 27 ለ11 ሲያጸድቅ 6 ሪፐብሊካኖች አብረው ድምፅ ሰጥተዋል። ኒክሰን ቅሌቱን ለመሸፋፈን መሞከሩን የሚያሳየው የድምፅ ቅጂ ነሐሴ 5 ከወጣ በኋላ ደግሞ ባሪ ጎልድዋተር፣ ሂዩ ስኮትና ጆን ሮድስ፣ ሦስቱም የራሱ ፓርቲ ትልልቅ ሰዎች፣ ነሐሴ 7 ዋይት ሐውስ ገብተው ድጋፍ እንደሌለው ነገሩት። በማግስቱ ማታ ለሕዝቡ እለቃለሁ አለ። ለነገሩ ጎልድዋተር ወግ አጥባቂ ብቻ አልነበረም፣ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ነበር። ፕሮግራሙን አልተወም። ሰውዬውን ነው የተወው።

ድምፅ አልሰጥም፦
ሃምሳ ዓመት ያለፈው ታሪክ ነው። ዛሬ ማን እንዲህ ያደርጋል?

መዝጋቢ፦
አለ። በ2023 የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስለተደረጉት ግብዣዎች ምክር ቤቱን ሆን ብሎ አሳስቷል ብሎ ደመደመ። ከ7ቱ የኮሚቴው አባላት 4ቱ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። ሪፖርቱን ምክር ቤቱ 354 ለ7 አጸደቀው። ግን እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ያህል፣ ከፓርቲው አባላት ብዙዎቹ ድምፅ ሳይሰጡ ነው የቀሩት። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታየው። "አልዋሸም" ማለት አልቻሉም፣ "ዋሽቷል" ማለትም አልፈለጉም።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ሳንቶስ ከተወካዮች ምክር ቤት ተባረረ። ሰውዬው ያልተማረበትን ኮሌጅ ተምሬበታለሁ፣ ያልሠራበትን ባንክ ሠርቼበታለሁ ብሎ የተመረጠ ነው። ድምፁ 311 ለ114 ነበር። ሪፐብሊካኖቹ ግማሽ በግማሽ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተከፈሉ፦ 105ቱ ይባረር፣ 112ቱ አይባረር። ያን ጊዜ ፓርቲው በምክር ቤቱ ያለው ብልጫ በጣት የሚቆጠር ወንበር እንደነበር አትርሱ። 105ቱ ያን እያወቁ ነው እጃቸውን ያወጡት።

አዲስ መራጭ፦
እና መራጩስ? ውሸቱ ሲነገረው አይለወጥም?

መዝጋቢ፦
ይሄ በጣም የሚያሳዝነኝ ክፍል ነው። በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ብሬንዳን ናይሃንና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ ሠርተው ነበር። ለትራምፕ ደጋፊዎች የእጩው ንግግር ስህተት መሆኑን የሚያሳይ ማስተካከያ ሰጧቸው። ሰዎቹ ማስተካከያውን ተቀበሉ። አዎ፣ ቁጥሩ ስህተት ነው አሉ። ለእጩው ያላቸው አመለካከት ግን ፈቅ አላለም። ይሄን የትራምፕ ደጋፊዎች ጉድ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታነቡት። ጠያቂው መጀመሪያ የጠየቀው እኮ ይሄንኑ ነው። መረጃ አጥተን አይደለም። እናውቃለን፣ አውቀንም እንመርጣለን።

የፓርቲ ልጅ፦
እሺ፣ ታዲያ ለምን በሕግ አይያዝም? በምርጫ ቅስቀሳ የዋሸ ይቀጣ፣ በቃ። እኔና እሷ ምን ያጨቃጭቀናል?

መዝጋቢ፦
ተሞክሯል። በአውስትራሊያ የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ከ1985 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሕግ አለው። የምርጫ ማስታወቂያ ላይ የወጣ መረጃ ሐሰትና አሳሳች ከሆነ ኮሚሽነሩ ማስታወቂያው እንዲነሳና ማስተካከያ እንዲወጣ መጠየቅ ይችላል። ሕጉ አሁንም በሥራ ላይ ነው። በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛትም በምርጫ ሰሞን የሐሰት ንግግርን የሚከለክል ሕግ ነበራት። በ2016 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው።

ቀጥተኛዋ፦
እኔ የደቡብ አውስትራሊያውን እወደዋለሁ፤ ግን የሚሠራው ኮሚሽነሩን ሁለቱም ወገን ሲያምነው ነው። ዳኛው የገዢው ፓርቲ ሰው ከሆነ "ውሸት" የሚባለው የተቃዋሚው ንግግር ሁሉ ነው የሚሆነው። ይሄን ስጋት ቀለል አድርጌ አላየውም። እና ደግሞ ሕጉ የሚይዘው የሚለካ ነገር ነው፣ ቁጥር፣ ቀን፣ ማን ለምን ድምፅ ሰጠ የሚለውን። እኛ የምንደብቀውን ነገር ሕግ አያገኘውም።

ጠያቂው፦
እንግዲህ ጥያቄውን ለምን እንዳነሳሁ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ እጩ በበጎ ፈቃድ ቀስቃሽ ነበርኩ። የፓርቲውን ስም አልጠራም፣ ዛሬም የማምንበት ፓርቲ ነው። የምናድለው ወረቀት ላይ እጩው አሠራው የተባለ አንድ ትልቅ ሥራ ነበር። ሥራው የተጀመረው፣ ገንዘቡም የተመደበው እሱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ይሄን ሰነዱን አይቼ አውቃለሁ። ለአስተባባሪያችን ነገርኩት። "ከምርጫው በኋላ እናስተካክለዋለን" አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። አንድ ቀን በር አንኳኩቼ ወረቀቱን ስሰጥ አንዲት ትልቅ ሴት ቆመው አነበቡትና "ልጄ፣ ይሄ እውነት ነው?" አሉኝ። ዓይኔን እያዩ ነው የጠየቁኝ። "አዎ እማማ፣ እውነት ነው" አልኳቸው።

እጩው አሸነፈ። ጥሩ ሥራም ሠርቷል፣ እሱን አልክድም። ግን ያ "አዎ" የእሱ አልነበረም፤ የኔ ነው።

ድምፅ አልሰጥም፦
ይሄን ስላወራህ አከብርሃለሁ። እኔ ከዚህ የወጣሁት እንደዚያ ያለ ወረቀት አምኜ ስለነበር ነው።

የፓርቲ ልጅ፦
አሁን ምን ልበል። መልሴን ሙሉ በሙሉ አልለውጥም። በምርጫው ዕለት ሁለት ስም ብቻ ከቀረበልኝ፣ ፕሮግራሜን የያዘውን ነው የምመርጠው፣ ቢዋሽም። ግን አንድ ነገር ልቀበል። ለምርጫው ዕለት ከመድረሳችን በፊት እጩው ሲመረጥ እኔ አለሁ። አባል ነኝ፣ ድምፅ አለኝ። እዚያ ላይ "ይሄ ሰው ስለ ትምህርቱ ዋሽቷል" ብዬ አልተናገርኩም። ባለፈውም አልተናገርኩም። "ወገን አትከፋፍል" እንዳልባል ነው።

ቀጥተኛዋ፦
እኔም የምልህ እዚያ ጋ ተናገር ነው። እጩው ከታወጀ በኋላ ማንም አይሰማህም፣ ፖስተሩም ታትሞ ያልቃል። የፓርቲህን ጠላቶች አትርዳ፣ እሺ። ግን ጓዶችህን ቀድመህ ጠይቃቸው።

የፓርቲ ልጅ፦
የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። ብቻዬን እንደምቀር አውቃለሁ።

አዲስ መራጭ፦
ጠያቂው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ካላስቀየምኩህ። እኚያን እናት ተመልሰህ ነገርካቸው?

ጠያቂው፦
አልነገርኳቸውም። ቤታቸውን አውቀዋለሁ። ከምርጫው በኋላ ሁለት ጊዜ በበራቸው አልፌያለሁ።